የታጠበ ገል

አባትየው እምቢ ይላሉ ብላችሁ የገመታችሁ ሁሉ ተሳስታችኋል። ባለጸጋ የመጋዝ ቤት ባለቤት አንድ ልጁን ለደን ጠባቂ አይሰጥም፤ ይቆጣል፣ በር ይዘጋል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እኛም አብረናት እናለቅሳለን ብላችሁ መሀረብ ያዘጋጃችሁ፣ መሀረባችሁን ለጊዜው አጥፋችሁ አስቀምጡት። አባትየው እሺ አሉ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከእሺታቸው ነው።

ለአዲስ አንባቢ ላስተዋውቅ። እሷ የአርኪዮሎጂ ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲው በየበጋው ጥቂት ተማሪዎችን መርጦ ወደ መንግሥት ደን ይልካል፤ እዚያ ዛፎቹ ሥር የጥንት ብረት አቅላጮች መንደር ተቀብሯል፤ ተማሪዎቹም አፈሩን እየጠረጉ ቀስ ብለው ያወጡታል። ብሩሽ ከእጇ ስለማይጠፋ የደኑ ሠራተኞች “ብሩሽ” ይሏታል። እሱ ደግሞ የሚቆረጠውን ዛፍ የሚመርጠው ጠባቂ ነው። አናቱ ላይ የደን ቢሮው ማህተም የተቀረጸበት መዶሻ አለው፤ በዚያ መዶሻ ያልተመታ ዛፍ መጋዝ አይነካውም። እሱንም “መዶሻ” ነው የሚሉት። ብሩሽና መዶሻ። ከእንዲህ ያለ ጥንድ ማን ሰላም ይጠብቃል?

እሑድ ዕለት መዶሻ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ እነሱ ቤት ምሳ ተጋበዘ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ የመስኮቱን ደፍ በዓይኑ ዞረ። የትኛው እንጨት ከየትኛው የደኑ ጥግ እንደመጣ እየለየ እንደሆነ ብሩሽ ገብቷታል፤ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ሳቋን ዋጠች። እሱም ሳቋን ሲያይ ጆሮው ቀላ።

“ዛሬስ እጅሽ ጠራ” አሉ እናቷ ሳህን እያቀበሏት። “ሰሞኑን ከሰል ቸርቻሪ መስለሽ ነበር የምትገቢው። ጥፍርሽ ሥር ያለው ጥቁር በሳሙናም አልለቅ ብሎ ነበር።”

“ቦታ ቀይሬ ነው እማዬ። አሁን ሽማግሌዎቹ ሥር ነው የምቆፍረው።”

ሽማግሌዎቹ የደኑ ትልልቅ ዛፎች ናቸው፤ ሦስት ጎረምሳ እጅ ለእጅ ተያይዞ አንዱን አያቅፈውም። ስማቸው ሲነሳ አባትየው ሹካቸውን አስቀመጡ።

“ስማ ልጄ” አሉት መዶሻን፣ ክንዱን ቸብ አድርገው። “እኔ ሰውን በኪሱ አልመዝንም። ወደድካት፣ ወደደችህ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። የልጄ ባል ልጄ ነው። አባትና ልጅ ደግሞ ይረዳዳል። እነዚያን ሽማግሌዎች ተመልከት፤ አርጅተዋል፣ ዛሬ ነገ ነፋስ ይጥላቸዋል። እሷም ብትቆፍር ብትቆፍር ከሥራቸው ምንም አላገኘችም። እንግዲህ ምንም ከሌለ፣ አንተ በዚያች መዶሻህ ቸብ ቸብ ታደርግልኛለህ። ማን ምን ይልሃል?”

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። መዶሻ ግን ገደሉን አየ። አፉን ጠረገ፣ ለምሳው አመሰገነ፣ እናቷን እጅ ነሳና ወጣ። ብሩሽ በር ላይ ደረሰችበት።

“አውቀሽ ነው ያመጣሽኝ?” አላት ሳይዞር።

“ምኑን ነው የማውቀው?”

“ልጅቷን አሳይተው መዶሻውን ሊወስዱ መሆኑን።”

“እኔን ነው ማታለያ የምትለኝ?”

አሁን ዞረ። ዓይኖቹ ውስጥ ቁጣ ትጠብቅ ነበር፤ ያየችው ግን ኀፍረት ነው። “እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው” አለ። “እኔ ከመታሁት ሰው ያምናል። አንቺን ባገባ ከነገ ጀምሮ የምመታው ዛፍ ሁሉ ‘ለአማቱ ነው’ ይባላል።”

“ባይባልስ?”

“እኔው ራሴ እለዋለሁ።”

ሄደ። እሷም በሩን ይዛ ቀረች። አባቷ ቢከለክሏት ምን እንደምትል ስንት ጊዜ ተለማምዳው ነበር፤ ለተሰጣት ሰው ምን ብላ እንደምትታገል ግን አላሰበችበትም። ደረቷ ውስጥ ያለው ንዴት ነበር፤ እንባው ቀድሞ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

*

ማክሰኞ ወረቀት ላከላት። እንደ ልማዱ ከጉድጓዷ ጠርዝ ላይ በድንጋይ ተጭኖ አገኘችው።

“ብሩሼ፣ አባትሽ እምቢ ቢሉኝ ኖሮ በራቸው ላይ ቆሜ እጠብቅሽ ነበር። እሺ ስላሉኝ ነው መምጣት ያቃተኝ። ሽማግሌዎቹን አሁን የሚያድናቸው ያንቺ ጉድጓድ ብቻ ነው። እባክሽ አንድ ነገር አግኚ።”

አንድ ነገር አግኚ። መፈለግ እንጂ ማግኘት በሰው እጅ የሆነ ይመስል! ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች፤ አውጥታ ደግማ አነበበችው፤ “ብሩሼ” የሚለውን ብቻ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥንት ቅሪት የተገኘበት መሬት ይከለላል፤ በክልሉ ውስጥ ያለ ዛፍ አይቆረጥም። የቀረው ለመጋዝ ይሄዳል። የመንደሩ ጫፍ የት እንደሆነ እየቆፈረ የሚፈልግ ተማሪ ሲያስፈልግ መምህሩ የመረጡት እሷን ነበር፤ ዓርብ የደን ቢሮው ተሰብስቦ በእሷ ቃል ላይ ተመሥርቶ ክልሉን ያጸድቃል። ያን ጊዜ መምህሩ የነገሯትን አልረሳችም።

“የቆፈርሽውን ብቻ ተናገሪ” ነበር ያሏት። “ደኑ ለተማሪ በሩን የከፈተው ስለሚያምነን ነው። አንድ ጊዜ ከዋሸን ከኋላሽ የሚመጣ ተማሪ አይኖርም።”

ቆፈረች። ሽማግሌዎቹ ሥር አፈሩ ቡናማ ነው፤ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ባዶ። ረቡዕም ባዶ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ እያለች መሣሪያዋን ጥላ በጣቶቿ ፈተገችው፤ አፈሩ ግን የሚሰጣት አልነበረውም።

ሐሙስ ጠዋት ጓደኞቿ ቀድመዋት ደርሰው ሲጮኹ ሰማች። ጉድጓዱ ወለል ላይ የእንስራ አንገት የሚመስል ገል ተቀምጧል። አቀፏት፣ ዘለሉ፣ አንዱ ሮጦ ለመምህሩ ነገረ፤ መምህሩም ለቢሮው ስልክ ደወሉ። ብሩሽ ገሉን አነሳችው። ስብራቱ ንጹህ ነው። ቀዳዳዎቹ ውስጥ አንድ ቅንጣት አፈር የለም። ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ በጣት ተነካክቶ ልል ሆኗል።

ገሉን በጣቶቿ ጨበጠችው። ሁሉም ከደስታዋ የተነሳ መሰላቸው።

ከድንኳኑ ጀርባ የወጣው ገል የሚታጠብበትና በሰፋፊ ዝርግ ወንፊቶች ላይ የሚደርቅበት ቦታ አለ። መዶሻ እዚያ ነበር፤ ሲያያት የያዘውን ባልዲ አስቀመጠ። ከወንፊቱ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ነው። ቡጢዋን ከፊቱ ፈታ ገሉን አሳየችው።

“የታጠበ ነው” አለችው።

ይህ ሰው ዛፍ መምታት እንጂ መዋሸት አልተማረም።

“እኔ እስክመጣ ድረስ ስንት ዘመን አፈር ውስጥ የተኛ ገል ፊቱን ታጥቦ አይጠብቀኝም።”

“ከዚያው መንደር የወጣ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “የውሸት ገል አይደለም። ትንሽ ብቻ ነው ያራመድኩት።”

“አባባም እኮ መዶሻህን ትንሽ እንድታራምድላቸው ብቻ ነው የጠየቁህ።”

በጥፊ ብትመታው ይሻለው ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እሷ። “ለእነሱ ብዬ ነው። ላንቺም ብዬ ነው። እነሱ ከተረፉ አባትሽ ከኔ የሚፈልጉት ነገር አይኖርም። ያን ጊዜ እንደ ማንም ወንድ መጥቼ እጠይቅሽ ነበር።”

“ስማኝ” አለች፤ ድምጿ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ። “ምልክቴ ካልታመነ ምንም የለኝም ብለህ በር ላይ ጥለኸኝ ሄድክ። ተናደድኩ፣ ግን አከበርኩህ፤ ማታ ማታ ስለዚያ ቃልህ እያሰብኩ ነበር የምወድህ። የኔ ምልክትስ? የኔ ምልክት ጉድጓዴ ነው። ያንተ እንዳይነካ ብለህ እኔን ተውክ፤ የኔን ግን በእርጥብ እጅህ መጥተህ ነካኸው።”

“ይቅርታ።”

“ይቅርታህን አልፈልግም።”

“እንግዲያው ነገ ዝም በይ” አለ፤ ጣቶቿን በገሉ ላይ መልሶ እያጠፈ። “ዋሺ አላልኩሽም። ሌሎቹ ይናገራሉ፤ አንቺ ዝም ብቻ። ዛፎቹ ይኖራሉ። እኔን ለዘላለም ጥዪኝ።”

እጇን ልትነጥቀው ስትል ዓይኗ ጣቶቿ ላይ አረፈ። ጥፍሮቿ ሥር ቡናማ አፈር ነበር። ቡናማ ብቻ። የእናቷ ቃል ትዝ አላት፤ ዛሬስ እጅሽ ጠራ። መዶሻን እዚያው ትታው ወደ ጉድጓዷ ሮጠች፤ ገብታም ፊቷን ወደ አፈሩ ግድግዳ አስጠግታ ቆየች። መዶሻ ከሩቅ ሆኖ ጀርባዋን ብቻ ነበር የሚያየው። እያለቀሰች መሰለው፤ ሄዶ ሊያጽናናት መብት እንደሌለውም ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

*

ዓርብ የቢሮው አዳራሽ ሞላ። ኃላፊዋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ፈጣን ሴት፣ ከፊት ተቀምጠዋል። መምህሩና ተማሪዎቹ በአንድ ወገን፣ አባትየውና የመጋዝ ቤቱ ሰዎች በሌላው ወገን ናቸው። መዶሻ በሩ ሥር ቆሟል፤ ዩኒፎርሙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ መዶሻውን ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ። ገሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

“እንግዲህ ገል ተገኝቷል” አሉ ኃላፊዋ። “ሽማግሌዎቹ ክልል ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። የቆፈረችው ተማሪ የምትጨምረው ካለ?”

ዝም ማለት ትችል ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ሌላ ቃል ትናገራለች ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ዝምታዋ ብቻ ዛፎቹንም ሰውየውንም ያተርፍላታል። መዶሻ ከበሩ ሥር ዓይን ዓይኗን ያያል። አየችው፤ አተኩራ አየችው፤ ሁለቱም አዳራሹ እስኪጠፋባቸው ተያዩ። ተነሳች።

“ገሉ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም። የታጠበ ነው፤ ሰው ነው ያስቀመጠው። ጉድጓዱ ባዶ ነው።”

ጉምጉምታው ወንበሮቹን አንቀሳቀሰ። መምህሩ ፊታቸው ገረጣ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

“ማነው ያስቀመጠው?”

“ስለ አፈሩ ልናገር ነው የመጣሁት። ስለ ሰው አልናገርም።”

“እኔ ነኝ” አለ ከበሩ ሥር።

ሁሉም ዞረ። መዶሻ በመተላለፊያው መጥቶ መሣሪያውን ከወገቡ ፈታና ጠረጴዛው ላይ፣ ከገሉ አጠገብ አኖረው። “እሷ አላወቀችም። ባወቀች ጊዜ ዝም እንድትል ለመንኳት። እምቢ አለችኝ።”

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደስታቸውን መሸሸግ አልቻሉበትም። “በልጄ የኮራሁት ዛሬ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው፤ ነገሩ አለቀ።”

“አላለቀም አባባ።”

ሁለቱን እጆቿን አንስታ ለአዳራሹ አሳየች።

“እማዬ እሑድ ዕለት እጅሽ ጠራ ስትለኝ አልገባኝም ነበር። ከመንደሩ ጀምሬ በቆፈርኩበት ሁሉ እጄ ከሰል ነው። ብረት የሚያቀልጥ ሰው እንጨት ይበላል፤ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ቆርጠው አንድደውታል፣ ከሰሉ አሁንም አፈሩ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ጋ ስደርስ ግን ይቆማል። እየሳሳ አይደለም የሚያልቀው፤ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ከሰል የለም፣ ምድጃ የለም፣ ገል የለም። እንጨት አጥተው የተቸገሩ ሰዎች እጃቸው የሚደርስበትን ደን አልነኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ። ግን አንድ ሰው እዚያ ጋ ቆሞ ‘እስከዚህ ብቻ’ ብሏል፤ የእኛ መጋዝ ሊሽረው የመጣው ያንን ቃል ነው።”

ገሉን አነሳችና ወደ መዶሻ ዞረች፤ የምትናገረው ግን ለሁሉም ነበር።

“ይህ እዚያ ቢቀር ኖሮ ከሰሉ የቆመበት መስመር ይጠፋ ነበር። ባዶነቱ ነው ግኝቱ። ሊያድነው የፈለገ ሰው ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም ነበር።”

መዶሻ ዓይኖቹን አልሰበረም። እንደዚያ አድርጎ ማንም አልገሠጸውም፤ እንደዚያ አድርጎም ማንንም ወዶ አያውቅም።

መምህሩ ብድግ ብለው የአፈሩን ግድግዳ ማንም ሰው ሄዶ በዓይኑ ሊያይ ይችላል አሉ። ኃላፊዋ ብዙ አላሰቡም። ጥናቱ እስኪያልቅ ሽማግሌዎቹ አይነኩም፤ በሚቀጥለው በጋ የሚመጡት ተማሪዎች ጥናቱን ይቀጥላሉ፤ እየመራች የምትቆፍረውም ይህችው ልጅ ትሆናለች። ከዚያ መዶሻውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

“አንተ ሁለተኛ ዛፍ አትመታም። ከሰኞ ጀምሮ ችግኝ ጣቢያ ነህ፤ እሱም እውነቱን ስለተናገርክ ነው። አዲስ የሥራ ልብስ ሲሰጥህ ይህንን ዩኒፎርም ታስረክባለህ።”

አባትየው ልጃቸውን ከደጅ ያዟት። ፊታቸው ላይ የነበረው የምሳው ዕለት ፈገግታ የት እንደገባ እንጃ።

“ሰማሽ አይደል? ችግኝ አጠጪ ሆነ። ያንን ሰው ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ እንዳላየው። ልጄን የምሰጠው ሰው አይደለም።”

ብሩሽ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

“እሑድ ዕለት ልጅዎ ነበር እኮ።”

“መዶሻ የሌለው መዶሻ ምን ያደርግልኛል?”

“ለእርስዎ ምንም አያደርግም አባባ። ለእኔ ነው።” ሳቋ ከፊቷ ጠፋ፤ አገጯ ግን አልወረደም። “ሲሰጡኝ አልወሰድኩትም፤ ዋጋ ነበረበት። ሲከለክሉኝ ግን እወስደዋለሁ። ቅር ቢልዎት ይበልዎት። እወድዎታለሁ፤ አልታዘዝዎትም።”

እናቷ ከባላቸው ጀርባ ቆመው ነበር። የልጃቸውን እጅ ይዘው ጥፍሮቿን አዩና በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳበሷቸው። የብሩሽ እንባ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

*

ሰኞ ጉድጓዱ ይደፈናል። ያየኸውን አፈር መልሰህ ማልበስ የዚህ ሙያ ግማሹ ነው፤ ክፍት የተተወ ቁስል ያመረቅዛል። ብሩሽ አካፋዋን ይዛ ስትደርስ መዶሻ ቀድሟት ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። ዩኒፎርሙን ገና አላስረከበም። የደኑ ሠራተኞች አዲስ ስም አውጥተውለታል፤ “ችግኝ” ይሉታል። እስካሁን አልለመደውም።

“ልሂድ ብትይኝ እሄዳለሁ” አላት።

“እንድትሄድ አይደለም የተሟገትኩት።”

“አሁን ምንም የለኝም።”

“እውነት አለህ። ትንሽ ዘግይቶ ቢመጣም መጥቷል።”

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንደሚባለው፣ መዶሻም ወዲያው አላመነም። አጠገቡ እስክትቀመጥ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ጠበቀ። ያን ጊዜ ብቻ ትንፋሹን ለቀቀ።

“ከመድፈናችን በፊት አንድ ነገር ወለሉ ላይ ይጣላል” አለችው። “የዘመናችን የሆነ፤ የጠርሙስ ክዳንም ይሁን። ወደፊት የሚቆፍር ሰው እኛ ቀድመን እንደከፈትነው ያውቃል።”

“ይሄስ አፈሩን መዋሸት አይሆንም?” አለ ፈራ ተባ እያለ።

“አይሆንም። ይሄ ‘እኛ ነበርን’ ማለት ነው።”

አሰበ። ከዚያ የዩኒፎርሙን የላይኛውን አዝራር ይዞ ነጨው። ክሩ ተስቦ ተበጠሰ። ማህተሙ የተቀረጸበት የቢሮው አዝራር ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ወለል ጣለው፤ ቡናማው አፈር ላይ አረፈ።

“ልብሱን ስታስረክብ አንድ ጎደለ ይሉሃል።”

“ይበሉ።”

“የት ሄደ ቢሉህስ?”

“እውነቱን ነዋ። ከብሩሽ ጋር አብረን ቀበርነው እላቸዋለሁ።”

ከዛፎቹ ማዶ በመንገዱ ላይ የአባቷ ጭነት መኪና ባዶውን አለፈ። ሾፌሩ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ጥሩንባውን አስረዝሞ ነፋው፤ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤት እንደሚደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ብሩሽ ቀና አላለችም። በዚያ ከሰል ባልነካው እጇ የመዶሻን አንገትጌ፣ አዝራሩ የተነጨበትን ቦታ ያዘች፤ ሳመችውም። ከዚያ ተነስታ የመጀመሪያውን አካፋ አፈር ራሷ ጣለች።